ያሪስ ላይ የብላይንድ ስፖት ራዳር ላስገጥም ወይስ ስፖኪዮውን ላሠራ?

የጦሳ ሥር
ሰላም ወሎዬዎች። መኪናዋ ያሪስ ናት፣ በየቀኑ ደሴ–ኮምቦልቻ ትመላለሳለች። የግራ ስፖኪዮዋ ተሰርቆ አሁን ያለው መስታወት ቤት የተቆረጠ ነው። ፒያሳ ላይም ሆነ ኮምቦልቻ መግቢያ ወደ ግራ ልወጣ ስል ባጃጅ ከየት መጣ ሳይባል ጎኔ ይገኛል። ስፖኪዮ የማያሳየውን የጎን ቦታ (ብላይንድ ስፖት) የሚጠብቅ፣ ፓራውልት ውስጥ የሚገባ የራዳር ኪት ልግዛ ወይስ ስፖኪዮ ላይ የምትለጠፈው ትንሿ ክብ መስታወት ትበቃለች?

ቦርከና
አብሽር፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፦ «መስታወት ቤት የተቆረጠ»። የቤት መስታወት ዝርግ ነው። ከአሜሪካ የመጣች ካልሆነች የያሪስ ኦሪጅናሉ ጎበጥ ያለ ነው፤ ከጎን ያለውን ሰብስቦ የሚያሳየው እሱ ጉብታ ነው። የማስመሪያ ጠርዝ አሳርፍበት፤ መሃሉ ላይ ከተወዛወዘ ጎባጣ ነው፣ ልጥፍ ካለ ዝርግ። የቤት መስታወት ውፍረትም ስላለው ማታ የኋላ መኪና መብራት ጥላ ይዞ ሁለት መስሎ ይታያል። ሲሊኮን ሦስት አራት ቦታ ጠብ ተደርጎ ብቻ ከተለጠፈ ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎባጣ መስታወት ከነፕላስቲክ መያዣው ፈልግ።

ከዚያ አስተካክለው። አብዛኛው ሰው የራሱን በር እያየ ነው የሚነዳው፤ በርህ የትም አይሄድም! ወንበርህን አመቻችና ጭንቅላትህን የግራውን በር መስታወት እስኪነካ አስጠጋ። እዚያ ሆነህ የመኪናህ ጎን ለጥቂት ብቻ እስኪታይ ስፖኪዮውን ወደ ውጭ ግፋው። ለቀኙ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ዘንበል ብለህ ያንኑ አድርግ። ቀና ብለህ ስትቀመጥ የራስህ መኪና ከሁለቱም ይጠፋል። ሁለት ቀን ይጨንቃል፣ ከዚያ ይለመዳል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ጥግ ይዘህ ቁምና የሚያልፍህን መኪና ተከታተል። ከመሃሉ መስታወት ሳይወጣ ግራው ላይ መታየት፣ ከግራው ሳይወጣ ደግሞ በዓይንህ ጠርዝ መግባት አለበት። በመሃል ከጠፋ ትንሽ ወደ ውጭ ጨምር።

ፊውዝ
ቦርከና ልክ ነው፣ ኪቱ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ፓራውልት ተበስቶ የሚገባው የፓርኪንግ ሴንሰር ዘመድ ነው፤ በድምፅ ሞገድ ይሠራል፣ ሁለት ሦስት ሜትር አካባቢ ነው የሚደርሰው፣ ነፋስም ያሳስተዋል። እሱን ተወው። ሌላው ከፓራውልቱ ጀርባ ሳይበሳ የሚታሰር ራዳር ነው። ራዳር በፕላስቲክ ያልፋል፣ በላሜራ አያልፍም። ፓራውልቱ ተመትቶ ወፍራም ስቱኮ የተቀባ ከሆነም ይዳከማል፤ ከመግዛትህ በፊት ፈትተህ ከውስጥ እየው። በክረምት ጭቃ ሲጋገርበትም እንደዚያው።

መስመሩ፦ ቀይ ከቁልፍ ጋር ከሚበራ ፊውዝ፣ ጥቁር ከሻሲ፣ ሁለቱ ቀጫጭኖች ከግራና ከቀኝ ፍሬቻ። በብዛት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ገጣሚው የፓርኪንግ ሴንሰር እጁ ስለለመደ ቀዩን ከማርሻዴትሮ መብራት ይቀጥለዋል። ያኔ ኪቱ የሚነቃው ወደ ኋላ ስትሄድ ብቻ ነው።

ከሱ ምን እንደምትጠብቅም እወቅ። ብዙዎቹ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ዝም ይላሉ፤ ፒያሳ ላይ በእግር ፍጥነት ስትሳብ ባጃጁን ላይነግርህ ይችላል። የሚያየው ከጎንህና ከኋላህ ጥቂት ሜትር ነው፣ ያውም ቀጥ ያለ መንገድ ታስቦ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ የራስህን ረድፍ መኪና የጎን አድርጎ ሊጮህ፣ የጎኑን ደግሞ ሊስት ይችላል። ከፊት የሚመጣ ሲኖትራክ ጉዳዩ አይደለም፤ ደርበህ ስታልፍ መብራቱ ስላልበራ መንገዱ ባዶ ነው አትበል። አህያና እግረኛም እንዲለይ አልተሠራም።

የጦሳ ሥር
ገባኝ። ክቧስ የት ትለጠፍ?

ቦርከና
ከመኪናው ራቅ ባለው ጠርዝ፣ ታች ጥግ። ወደ በሩ በኩል ከለጠፍካት የራስህን መኪና ነው የምታሳይህ። በስፒሪት ጥረግ፣ በደንብ አድርቅ፤ የደሴ ጤዛ ሳይለቅ ጠዋት ከለጠፍካት በሳምንቱ ትወድቃለች። አንድ ቀን ውሃ አታስነካት። እሷ ላይ የሚታይ ሁሉ ከእውነቱ የራቀ ይመስላል፣ «ሰው አለ ወይስ የለም» ለማለት ብቻ ተጠቀምባት። ርቀቱን በመሃሉ መስታወት ለካ።

ሐይቅ ዳር
አዲሶቹን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች የያዛችሁም ይህን እዩ። በብዙዎቹ የብላይንድ ስፖት ምልክቷ ስፖኪዮው መስታወት ውስጥ ነው የምትበራው። መስታወቱ ተሰርቆ ተራ መስታወት ከተተካበት ራዳሩ እየሠራ መብራቷ ተሸፍና ትቀራለች፤ የመስታወት ማሞቂያውም አብሮ ይሄዳል። ምትክ መስታወቱን ስትገዙ ምልክቷ የተፈለፈለችበት መሆኑን አረጋግጡ። ጀርባውም ላይ ለመብራቷና ለማሞቂያው ሶኬት መኖሩን እዩ፤ ከሌለው መልሱለት።