5ኛውን ስጠራ ፕሮግራሙ ለምን ይቆማል?

ጠያቂ፣ ማራኪ፦ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የ5 ጎንደር ነገሥታት ስም አሬይ (ተከታታይ ዝርዝር) ውስጥ በቅደም ተከተል አስገባሁ፤ ፋሲል፣ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ቴዎፍሎስ። በኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) 5 ስጠራ ይቆማል። እስኪ አስረዱኝ።

መልስ፣ አዘዞ፦ ወንድሜ፣ ቆጠራው ከ0 ነው የሚጀምረው። ፋሲል 0፣ ቴዎፍሎስ 4፤ ኢንዴክስ 5 የለም፣ ለዚህ ነው የሚቆመው። ኢንዴክስ ማለት ከመነሻው ያለው ርቀት ነው። የኢንቲጀር (የሙሉ ቁጥር) አሬይ በሜሞሪ አድራሻ 1000 ላይ ቢጀምር፣ አንዱ ቁጥር 4 ባይት ስለሚይዝ ኢንዴክስ 3 ያለው 1012 ላይ ነው፤ 3 ሲባዛ በ4፣ ሲደመር 1000። መጀመሪያው ከመነሻው ምንም ስለማይርቅ 0 ሆነ።

መልስ፣ ፒያሳ፦ ሉፕህንም (የሚደጋግመውን ኮድ) እይ። «ከርዝመቱ ያንሳል ወይም እኩል ነው» ካልክ እኩሉን አውጣው። ጃቫስ ስህተቱን ይነግርሃል፤ ሲ በሚባለው ቋንቋ ግን ዝም ብሎ የማይመለከትህን ሜሞሪ ሊያነብ ይችላል፣ የሚያስፈራው እሱ ነው።

መልስ፣ አራዳ፦ 6ኛ ንጉሥ ለመጨመር አሬይሊስት (መጠኑ የሚያድግ ዝርዝር) ተጠቀም። የጃቫ አሬይ አንዴ ከተፈጠረ መጠኑ አይለወጥም።