ማዘርን ጉልበቷን ያማታል፣ ውሃ ውስጥ ስፖርት ያሰራ ሰው አለ?

የጉለሌዋ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ማዘር 67 ዓመቷ ነው፣ ሁለቱም ጉልበቷ ካመማት ቆይቷል። ራጅ ተነስታ ካርቲሌጁ ሳስቷል አጥንት ለአጥንት ሊፋተግ ነው ተባለች፣ ዳይክሎፌናክ ሚባለውን የህመም ማስታገሻ ስትውጥ ከርማ አሁን ደግሞ ጨጓራዋን ጀመራት። ደረጃ ምትወርደው ግድግዳ ይዛ ወደ ጎን ነው፣ ቅዳሴ ላይ መቆም አቅቷት ወንበር ላይ ነው ምታስቀድሰው እሱ ደግሞ ከህመሙ በላይ ያናድዳታል። ፊዚዮ ስትሄድ መሬት ላይ ሲያሰሯት ስላመማት ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ብትሰሪ ይሻልሻል አሏት፣ እሷ የገባት ግን ፍል ውሃ ግቢ እንዳሏት ነው። ዋና አትችልም፣ የዋና ልብስ ስላት «በዚህ እድሜዬ ራቁቴን ልታስኬጂኝ ነው» ብላ ጮኸችብኝ ሃሃ። እና እውነት ይሰራል ወይስ ማጽናኛ ነው? ፍል ውሃ ሄዶ መዘፍዘፍና ይሄ ነገር አንድ ነው እንዴ?

የናዝሬት ልጅ፦
ምን ታስቢያለሽ ሶደሬ ውሰጃት። ከናዝሬት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ሙቁ ለሷ ይስማማታል፣ ፋዘር ወገቡን ሲይዘው እዛ ነው ምንወስደው ሙቁ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲወጣ ሌላ ሰው ነው ሚሆነው ለተወሰነ ቀን ህመም ሚባል አያነሳም። እቴጌ ጣይቱም እኮ ፍል ውሃውን ወደውት ነው አዲስ አበባ በ1879 የተቆረቆረችው፣ ያኔ ፊዚዮ ምናምን ሚባል ነበር? ዶክተር ማብዛት ነው እንጂ።

ጅማት፦
ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የናዝሬት ልጅ አልተሳሳተም፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ጡንቻ ያላላል ህመም ያስታግሳል፣ ራሱም ለተወሰነ ቀን ነው ያለው። ጉልበታቸውን ደግፎ ሚይዘው ጡንቻ ግን ተቀምጠው አይጠነክርም፣ እናትሽን የላኳቸው ሰዎች የፈለጉት እንዲንቀሳቀሱ ነው።

ውሃው ሚሰራው ስራ ቀላል ነው፣ ክብደት ይሸከማል። ወገብ ድረስ ሲገቡ እግራቸው ላይ ሚያርፈው ክብደት በግማሽ ይቀንሳል፣ ደረት ድረስ ከሆነ ሩቡ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው ሚቀረው። መሬት ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ያቃታቸው ሰዎች ውሃ ውስጥ ሲሰሩት ራሳቸው ይገረማሉ። ደግሞ ውሃው ከሁሉም ጎን ስለሚጫን እብጠት ይቀንሳል። በዝግታ ሲገፉት ይለቃል ሲፈጥኑ ይገትራል፣ ስለዚህ አቅማቸውን እያዩ ራሳቸው ይመጥኑታል። ዋና መቻል አያስፈልግም፣ ቆመው ነው ሚሰሩት፦ ጠርዙን ይዘው ወደፊት ወደኋላ ወደ ጎን መራመድ፣ ተረከዝ ወደ መቀመጫ ማጠፍ፣ እግር ወደ ጎን ማውጣት፣ ጉልበት በትንሹ አጥፎ መነሳት። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት፣ ለውጡን ለመገምገም ሁለት ወር ገደማ ስጫቸው፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግን ፊዚዮ አብሯቸው ቢገባ ነው ደስ ሚለኝ።

ይሰራል ወይ ላልሽው፣ በፈረንጆቹ 2016 የወጣ የኮክሬን (የህክምና ጥናቶችን ሰብስቦ ሚመዝን ድርጅት ነው) ግምገማ የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ ያለቀባቸው 1190 ሰዎች የተካተቱባቸው 13 ጥናቶችን አይቶ ህመምም እንቅስቃሴም ላይ መጠነኛ መሻሻል አለ ብሏል፣ ለአጭር ጊዜ። ያለቀ ካርቲሌጅ ይመልሳል ሚል ካለ ገንዘብሽን ነው ሚፈልገው።

ውሃው ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ቢሆን ነው ጥሩ፣ ተራ የዋና ገንዳ 27 አካባቢ ስለሆነ ለሳቸው ይበርዳል ጡንቻውም ይኮማተራል። ስም ጠርቼ ማስታወቂያ አልሰራም፣ ከመክፈልሽ በፊት ግን ደውለሽ ዲግሪውን ጠይቂ፣ መግቢያው መያዣ ያለው ደረጃ ነው ወይስ ቀጥ ያለ መሰላል ሚለውንም። መሰላል ከሆነ እርሺው በዛ ጉልበት አይወጡም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የኔም እናት እዚህ ሜሪላንድ ጀምራለች። ዶክተሩ አስፈላጊ ነው ብሎ ፊዚዮቴራፒስት ሲያሰራት ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግስት ለአረጋውያን ያለው የጤና መድን) መጀመሪያ ከራሷ ኪስ ከምትከፍለው መነሻ ክፍያ በኋላ 80 ፐርሰንቱን ይሸፍናል፣ ዝም ብሎ የሰፈር ገንዳ ሄዶ ኤሮቢክስ ከሆነ ግን አይሸፍንም ከኪስ ነው። ልብሱ አያስጨንቅሽ እህቴ፣ ሙስሊም እህቶቻችን ሚለብሱት ሙሉ የዋና ልብስ አለ እጅጌው ረጅም ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እናቴ እሱን ለብሳ ጸጉሯን ሸፍና ነው ምትገባው። የጥጥ ቀሚስ ለብሳ እንዳትገባ ብቻ፣ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል እግር ላይም ይጠመጠማል። ማይንሸራተት የውሃ ጫማም ግዢላት፣ አደጋው ያለው ውስጥ ሳይሆን የገንዳው ዳር ላይ ነው በነጠላ ጫማ ስንቱ ተሰብሯል።

የጉለሌዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ልብሱን ፎቶ አሳይቻት «ይሄማ መነኩሴም ይለብሰዋል» አለች ሃሃ። @ጅማት ግፊት አለባት ኪኒን ትወስዳለች ስኳርም ጀምሯታል፣ ችግር አለው? ደግሞ ካለሁበት ሞቅ ያለ ገንዳ አለበት የተባልኩት ቦታ ሁለት ታክሲ ነው።

ጅማት፦
ግፊቱ በኪኒን ከተስተካከለ አይከለክልም ግን ለሀኪማቸው ንገሪ። ሲወጡ ቀስ ብለው፣ ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመው፣ ምክንያቱም ሙቅ ውሃ ግፊት ያወርዳል ያዞራቸዋል። ውሃም ይጠጡ። ስኳሩ ነው እኔን ያሳሰበኝ፣ እግራቸው ሚደነዝዝ ከሆነ ሙቀቱ አይሰማቸውም ስለዚህ ሶደሬም ፍል ውሃም ብትሄዱ በራሳቸው እግር እንዳይለኩት አንቺ በክንድሽ ለኪ። ቁስል ካለ ጣቶቻቸው መሀልም ቢሆን እስኪድን አይገቡም። ትኩሳት ካላቸው ወይ ሲተኙ ትንፋሽ ሚያጥራቸውና እግራቸው ሚያብጥ ከሆነ መጀመሪያ ልባቸው ይታይ።

ሁለት ታክሲ ያልሽው ግን አልወደድኩትም። ሚኒባስ ላይ መውጣት መውረዱ ጉልበታቸውን ካበሳጨው የገንዳው ጥቅም እዛው ያልቃል፣ ጥናቶቹም ቢሆኑ ውሃው በደንብ ከተሰራ የመሬት ስፖርት ይበልጣል አይሉም፣ ዋና ጥቅሙ መሬት ላይ መጀመር ላቃተው ሰው ነው። እንደዛ ከሆነ በሳምንት አንዴ በራይድ ውሰጃቸው፣ ሌላውን ቀን ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው እያነሱ ትንሽ ይዘው ያውርዱ፣ እሱ ብዙም አያምም። ራጁን ደግሞ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ ልየው።