ክርክር፦ የማሽን መመሪያ እንደ ሰው ቢያናግረን ምን ይጎዳል?

መመሪያ አዘጋጅ፣ ጅማ
ሰላም ለሁላችሁ። ለእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን የአጠቃቀም መመሪያ እያዘጋጀን ነው፤ ቡድናችን ግን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «መመሪያ ደረቅና አጭር ይሁን» ይላል። እኔ ደግሞ ማሽኑ ፊት የቆመውን ሰው ያናግረው ባይ ነኝ። ፍሬው በማሽኑ ውስጥ ስለሚያልፍበት ክፍተት የድሮው መመሪያ «ክፍተቱ በአምራቹ ዝርዝር መሠረት ይስተካከል» ይላል። ለምን? ባይስተካከልስ ምን ይመጣል? መልስ የለውም። እኔ እንዲህ ጻፍኩት፦ «መጀመሪያ ጥቂት እሸት አሳልፈህ እይ። ፍሬው ከተቆረጠ ክፍተቱ ጠቧል፤ ትንሽ አላላው። ሳይፈለፈል የሚያልፈው ከበዛ ሰፍቷል፤ አጥብበው።» ምን ትላላችሁ?

የጥራት ባለሙያ፣ ጅማ
እህቴ፣ ሐሳብሽ ደግ ነው፤ ግን እፈራለሁ። «ትንሽ» ስንት ነው? የአንዱ ትንሽ ለሌላው ብዙ ነው። የተቆረጠ ፍሬ ደረጃ ሲወጣለት እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ያኔ የምንጠየቀው እኛ ነን። ቁጥር ይቅደም።

ማሽን ኦፕሬተር፣ አጋሮ
ጋሼ፣ ቁጥሩ አይቅር፤ ልክ ነዎት። ግን ለቀማው ሲደርስ እሸቱ አመሻሽ ላይ በማዳበሪያ ተጭኖ ይመጣል። በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት። በዚያ ጥድፊያ ዝርዝር የሚያገላብጥ የለም። እኔ የማየው ከማሽኑ የሚወጣውን ፍሬ ነው። መመሪያው ስለ እሱ ይንገረኝ።

መምህርት፣ ጅማ
አንድ ነገር ረስታችኋል። ቡና በሚታጠብበት ቦታ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ብዙ ጊዜ ያነበበውን በአፋን ኦሮሞ ነው የሚያስረዳው። ራሱ ያልገባውን እንዴት አድርጎ ያስረዳ? በዚህ ከአዘጋጇ ጋር ነኝ። «አላላው» የሚለው ግን አልተመቸኝም። በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የሚለቅሙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በዕድሜ የገፉም አሉ። ሁሉንም «አንተ» ልትያቸው ነው?

መመሪያ አዘጋጅ
ትክክል ነሽ፤ «እናንተ» ይሁን። ለጋሼም፣ «ትንሽ» ወጥቶ «ሩብ ዙር አላሉትና እንደገና እሸት አሳልፋችሁ እዩ» ይገባል።

ቁጥር ብቻውን ይበቃል በሚለው ግን አልስማማም። ማብላላትን እንውሰድ፤ የተፈለፈለው ቡና ልጋጉ እስኪለቅ የሚቆይበትን ማለቴ ነው። መመሪያው «ከ24 እስከ 48 ሰዓት» ብሎ ያቆማል። በመሃሉ ሙሉ ቀን አለ! ሲበርድ ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል። ካለፈበት ደግሞ ቡናው ይኮመጥጣል። ሠራተኛው የሚፈልገው ይህን ነው፦ «ፍሬውን በውሃ አጥባችሁ በእጃችሁ እሹት። ካሙለጨለጨ ገና ነው። እንደ ጠጠር ከሻከረ ደርሷል፤ እጠቡት።» ይህ ወሬ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ነው።

የጥራት ባለሙያ
በማብላላቱ አሳመንሽኝ። የማድረቂያው ግን አይነካ። እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ነው፤ በመሣሪያ ይለካል። «ጥርስ ላይ ሲሰበር ደርሷል» የሚል ነገር እንዳላይ።

መመሪያ አዘጋጅ
አያዩም። እዚያ ቁጥሩ ብቻውን ይቆማል። ምክንያቱን ግን በአንድ መስመር እጨምራለሁ፦ «ከዚህ በላይ እርጥበት ያለው ቡና መጋዘን ውስጥ ይሻግታል።» ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ሳይለካ አይከትም።

ማሽን ኦፕሬተር
አደጋውስ? ቀልድና ሥዕል ይጨመር የሚል ሰው ሰምቼ ነበር።

መመሪያ አዘጋጅ
ሥዕል አዎ፣ ቀልድ በጭራሽ። እዚያ ላይ ማባበል የለም። በመጀመሪያው ገጽ፣ በትልቁ፦ «እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፉ።» ሌላ ቃል አልጨምርበትም።

የጥራት ባለሙያ
ረቂቁን አምጪው። መጀመሪያ ማሽን ነክቶ ለማያውቅ ሠራተኛ እንስጠውና አጠገቡ ቆመን እንየው።