ግንቦት የተጠገነው መንገድ ሐምሌ ላይ ለምን ይፈርሳል?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ባህር ዳሮች እንዴት ናችሁ። እኛ ሰፈር ቀበሌ 14 አስፓልቱ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ግንቦት ላይ ተደፍነው ደስ ብሎን ነበር፣ ሐምሌ ሳያልቅ እዛው ቦታ ላይ ተከፈቱ እንደውም ሰፉ። ትናንት እህቴ በሳይክል ስትመጣ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ስላልታያት ወድቃ ክንዷ ተላጠ። ሬንጁ ነው ችግሩ ወይስ አሠራሩ? የምታውቁ ንገሩኝ እስኪ።

ባለ ባጃጅ፦
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። እኔ ቀኑን ሙሉ እዛ መስመር ላይ ነኝ፣ የሚከፈተው ውሃ የሚተኛበት ቦታ ብቻ ነው። ቦዩ በደለልና በሃይላንድ ተደፍኗል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳን ሁለት ቀን መንገዱ ላይ ይቆያል። ጎማና ኩሽኔታ ጨረሰብን።

ሲቪል ነኝ፦
ባለ ባጃጁ በደንብ አይቶታል። ባህር ዳር ሜዳ ናት፣ በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል አብዛኛው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው፣ ቦዩ ከተዘጋ ውሃው መሄጃ ስለሌለው በስንጥቁ ይሰርግና ከስር ያለውን ጠጠርና አፈር ያላላዋል፣ ከዛ አንድ ሲኖትራክ ሲያልፍበት ከላይ ያለው አስፓልት ይሰበራል። ጥቁር አፈር ያለበት ሰፈር ይብሳል፣ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል መንገዱንም ይዞት ይነሳል ይወርዳል። ጥገና ማለት ደግሞ ጉድጓዱን ዙሪያውን በቀጥታ ቆርጦ፣ የላላውን ጠንካራው እስኪገኝ አውጥቶ፣ ጠጠሩን በየደረጃው ጠቅጥቆ፣ ጎኑን ሬንጅ ቀብቶ ነው አስፓልቱን መሙላትና በሮለር መዳመጥ። እርጥብ ጉድጓድ ላይ ደፍቶ በአካፋ መታ መታ ማድረግ ክረምት አይሻገርም፣ ቦዩ ሳይጠረግ ግን በደንብ የተሠራውም አይቆይም እና ሚያዝያ ላይ መጀመሪያ ቦይ ነው መጠረግ ያለበት።

የቀበሌ 11፦
እኛ ጋ ደግሞ የውሃ ቧንቧ ለመቅበር ቆረጡትና አፈሩን እንዲሁ መልሰው ሄዱ፣ አሁን መሃል መንገዱ ላይ ሰምጦ ራሱ ቦይ ሆኗል 😔

ሲቪል ነኝ፦
አፈሩ ሲመለስ ስላልተጠቀጠቀ ነው እህቴ። ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን እኔ የምመርጠው ለዚህ ነው፣ ቧንቧ ሲቀበር ድንጋዩን አንስቶ ከስር ጠቅጥቆ መልሶ መደርደር ይቻላል።

የጣና ዳር ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሩ ልጆች ጋር ቦዩን እንጠርጋለን፣ ደለሉን ዳር ላይ ከከመርነው ዝናቡ መልሶ ያስገባዋል፣ የት እንውሰደው?

ባለ ባጃጅ፦
የፈረስ ጋሪ ያለው ጓደኛ አለኝ ይዤው እመጣለሁ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጠብቁኝ።