ፋርማሲስቶች፣ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ

ጥያቄ፣ ከዴንቨር

ሰላም ለሁላችሁም። በዲቪ ከመጣሁ 7 ወሬ ነው። አገር ቤት በፋርማሲ ተመርቄ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ። የፋርማሲስት ፈቃድ ማግኛው ፈተና ከባድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እሱን ለጊዜው ተዉት። የምጠይቀው ሥራውን ነው። እዚህ አገር መድኃኒት ቤት ቆሞ መዋል ምን ይመስላል? ሞራሌ እንዳይነካ ብላችሁ አትሸፋፍኑልኝ።

መልስ፣ ከሜሪላንድ

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። እኔም ጅማ ተመርቄ ነው የመጣሁት። እዚህ በፋርማሲስትነት 9 ዓመት ሆነኝ።

ፈተናውን ተዉት ብትልም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስንት ዓመት ነው የተማርከው? ከጃንዋሪ 1፣ 2003 ወዲህ የተመረቀ የውጭ ፋርማሲስት ቢያንስ የ5 ዓመት ፕሮግራም መጨረስ አለበት። ያንተ 4 ዓመት ከሆነ ብር ከመክፈልህ በፊት አጣራ። ለቶፍል (ለእንግሊዝኛው ፈተና) እና ለኤፍፒጂኢኢ (ውጭ ለተመረቁ ፋርማሲስቶች ለሚሰጠው ፈተና) ሲያጠኑ ከርመው እዚህ ላይ የቆሙ አውቃለሁ።

ወደ ሥራው ልምጣ። ፒያሳ ሰውዬው ማዘዣውን ይሰጥሃል፣ ዋጋ ትነግረዋለህ፣ ይከፍላል ወይ "የሦስት ቀኑን ብቻ ስጠኝ" ይልሃል። እዚህ መሃላችሁ ኢንሹራንስ የሚባል ሦስተኛ ሰው አለ። ቀኔን የሚበላው እሱ ነው። "ሪፊሉ (መድኃኒቱን ደግሞ መውሰጃው ቀን) ገና ነው" ይላል። "ሐኪሙ መጀመሪያ ያስፈቅድ" ይላል። ሐኪሙ ጋ ስትደውል ሙዚቃ ሲያሰሙህ ይቆያሉ። ታማሚው ግን የሚያየው አንተን ነው፤ ቁጣውንም የምትቀበለው አንተው ነህ። ጃንዋሪ ሲገባ ደግሞ ይብሳል። የብዙ ሰው ኢንሹራንስ ታማሚው መጀመሪያ ከኪሱ የሚከፍለውን ሂሳብ ከዜሮ ስለሚጀምር፣ ባለፈው ወር 10 ዶላር የከፈለ ሰው መቶ ምናምን ሲባል የሰረቅኸው ነው የሚመስለው። ክረምቱን ለሦስት ወር አገር ቤት የሚሄዱ የኛ ሰዎችም አሉ። የሦስቱንም ወር መድኃኒት ባንዴ ስጪኝ ይላሉ፣ ያውም በረራቸው ነገ ሆኖ።

ስልኩ አያቆምም። ሰው ከመኪናው ሳይወርድ መድኃኒት የሚቀበልበት መስኮት ይጮሃል። መኸር ላይ የጉንፋን ክትባት የምትወጋውም አንተ ነህ። የ12 ሰዓት ፈረቃ ቆመህ ነው የምታልፈው። የመድኃኒት ስም መልመድ ቀላሉ ነው፤ ፓራሲታሞል አሲታሚኖፌን፣ ሳልቡታሞል አልቡቴሮል ይባላል፣ በሁለት ሳምንት ይገባሃል።

እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው፤ ሰዓቱ፣ ቀኑና ስሙ።

አንዲት እናት ነበሩ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት፣ ጠዋት 8 እና ማታ 8 ተብሎ ተነገራቸው። እሳቸው በኛ ሰዓት ያዙት። አንዱን ቀን 8 ሰዓት፣ ሌላውን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልካቸውን አስጩኸው እየተነሱ ዋጡ። ስሌቱ ልክ ነው፣ 12 ሰዓት ጠብቀዋል። ግን በባዶ ሆድ ነዋ! ሆዳቸውም ተረበሸ፣ እንቅልፍም አጡ። ከዚያ ወዲህ ለኛ ሰው ሰዓት አልጠራም። "ከቁርስ ጋር፣ ከራት ጋር" ነው የምለው። ጾም ሲገባ ደግሞ ቁርስ የለም፣ እንደገና ቁጭ ብለን እንማከራለን። በተለይ እኛ ግሊቤንክላሚድ የምንለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው እስከ 9 ሰዓት ሲጾም ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) የሚወስዱ አባት በጾሙ ጎመን በጎመን ከሆኑ ቫይታሚን ኬው መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ጎመን ተዉ አይባልም፣ መጠኑን አትለዋውጡ ነው የሚባለው። የታይሮይዱን ክኒን በቡና የማወራረድ ስህተትም አለ። እንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ሁሉም ተጽፏል፤ ማን ያነበዋል?

የልደት ቀን ስጠይቅ "በ42 ዓ.ም." ይሉኛል፣ ኮምፒውተሩ 1950 ይላል። በስደት መጥቶ የልደት ቀኑ በትክክል ላልታወቀ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ነው የሚጻፍለት። አንድ ቅዳሜ ሁለት አልማዞች መጡ። የአባታቸው ስም አንድ፣ ሁለቱም ጃንዋሪ 1፣ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ይለያል። የአንዷን ከረጢት ለሌላዋ ልሰጥ እጄን ዘርግቼ ነበር። አድራሻ ስጠይቅ ነው የነቃሁት። መድኃኒት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ እጄ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ዛሬም ሐበሻ ሲመጣ አድራሻ ሳልጠይቅ አልሰጥም፤ "አታውቂኝም እንዴ?" ብለው ይቀየሙኛል።

ሌላው ማንም የማያወራው ነገር፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከማገኛቸው ሰዎች ስንቶቹ ምን እንደሚወስዱ አውቃለሁ። የድብርት መድኃኒት ሲሆን ሌላ ሰፈር ሄደው የሚያወጡ አሉ። አልፈርድባቸውም። አንዷ ሠርግ ላይ ስታየኝ ጠረጴዛ ቀየረች። የአንዲት እናት ልጅ ደግሞ "እማዬ የምትውጠው ምንድን ነው?" ብሎ ደወለ። እናትየው ካልፈቀዱ መናገር አልችልም አልኩት። "አንቺ ደግሞ ፈረንጅ ሆነሻል" ብሎ ዘጋው። እንዲህ ያለውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ማለፍ ትለምዳለህ።

ጥያቄ፣ ከዴንቨር

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ትመክሪኛለሽ ወይስ ይቅርብህ ነው?

መልስ፣ ከሜሪላንድ

እኔን ከጠየቅኸኝ መጋዘኑን ትተህ መድኃኒት ቤት በቴክኒሺያንነት (በፋርማሲስት ረዳትነት) ግባ። ክፍያው ከመጋዘኑ ሊያንስ ይችላል፣ አልዋሽህም። ግን ስልኩንም ኢንሹራንሱንም እዚያው ታየዋለህ፤ ከጠላኸው ፈተናው ላይ ሁለት ዓመት ሳታባክን ታውቀዋለህ። እዚያው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ በኩል የኛ ሰው ብዙ ነው፤ አማርኛ እንደምትናገር ማመልከቻው ላይ ጻፍ። ደህና ጫማ ግዛ። ስቀልድ አይደለም።

ከዴንቨር

የተማርኩት 5 ዓመት ነው። ነገ ጠዋት ከመጋዘን ስወጣ ሰፈሬ ያለውን መድኃኒት ቤት ጠይቄ እጽፍልሻለሁ። 2 ሰዓት ላይ ነው የሚከፍቱት፤ በኛ።