ምሩቃን ሠርተውት የሄዱት የትምህርት ክፍላችን ሰርቨር ሊሞት ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም

ጥያቄ፦ የአራተኛ ዓመት ተማሪ

ውድ አባላት፣ የምማረው በአንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ሲሆን፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ዓመት ያለነው ተማሪዎች አንድ ላይ ተቆጥረን መቶ አንሞላም፤ ቋሚ መምህራኑም ስድስት ብቻ ናቸው። ከ7 ዓመት በፊት የተመረቁ ሦስት ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክታቸው ያቆሙት አንድ ሰርቨር በቤተ ሙከራው ጥግ፣ ከጠረጴዛ ሥር ሆኖ እስካሁን ሲያገለግለን ቆይቷል። በውስጡ የፕሮግራሚንግ መልመጃዎችን ተቀብሎ በራሱ የሚያርም ሥርዓት፣ ከዚያ ጊዜ ወዲህ የቀረቡ የመመረቂያ ፕሮጀክቶች ከነኮዳቸው፣ እንዲሁም የምሩቃን ስምና አድራሻ የሰፈረበት ዝርዝር አለ። ለአይሲፒሲ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዓለም አቀፍ የፕሮግራሚንግ ውድድር) የሚዘጋጁት ልጆችም ሦስት ሆነው በአንድ ኮምፒዩተር ለ5 ሰዓት መሥራትን የሚለማመዱት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ካለፈው ወር ጀምሮ ሥርዓቱ መልስ ለመስጠት ደቂቃዎችን ይወስዳል፤ የቆዩ ፕሮጀክቶችን ስንከፍትም ዲስኩ ሊነበብ እንዳልቻለ የሚገልጽ መልእክት አልፎ አልፎ ይመጣል። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው ደግሞ በመካከላችን የለም፤ ቃሉ በየዓመቱ ከተመራቂ ወደ ተረካቢ በአፍ ሲተላለፍ ቆይቶ፣ የመጨረሻው ተረካቢ ትምህርቱን አቋርጦ ሲሄድ ተቋረጠ። ከሠሪዎቹ የአንዷን አድራሻ አግኝቻለሁ፤ ነገር ግን በአካል የማላውቃትን ሰው ከ7 ዓመት በኋላ በዚህ ጉዳይ ማስቸገር ከብዶኛል። መጀመሪያ ምን ላድርግ? ኃላፊነቱን የሰጠኝ ሰው የለም፤ ሰርቨሩን ዞር ብሎ የሚያየው ሌላ ሰው ስለጠፋ ብቻ በእኔ ላይ ወደቀ።

መልስ፦ የሲስተም አስተዳዳሪ

ስለ ይለፍ ቃሉ መጨነቅዎን ለጊዜው ይተዉት። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ማሽኑን እንደገና አስነሥቶ፣ በሚነሣበት ቅጽበት የማስነሻ ትእዛዙን በመለወጥ የይለፍ ቃሉን ለመቀየር ይቸኩላል። ዘዴው ይሠራል፤ ይሁን እንጂ አዲሱ ቃል የሚጻፈው በዚያው በሚሞተው ዲስክ ላይ ነው፣ ሊኑክስም (እንዲህ ያሉ ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት ሥርዓተ ክወና) ሲነሣ የተበላሸ የፋይል ሥርዓት ካገኘ በራሱ ሊጠግን ሞክሮ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። በታመመ ዲስክ ላይ ምንም ነገር አይጻፍም።

ስለዚህ ማሽኑን አጥፍተው፣ ሊኑክስ ከተዘጋጀበት ፍላሽ ያስነሡት። በዚህ መንገድ ሲነሣ ሥራ ላይ ያለው የድሮው ሥርዓት ሳይሆን የፍላሹ ስለሆነ የድሮው የይለፍ ቃል አይጠየቅም፤ ዲስኩ የተመሰጠረ ካልሆነ በቀር ይዘቱ ይነበባል። ከዚያም ዲዲሬስኪው በሚባለው ነጻ መሣሪያ ዲስኩን በሙሉ፣ መጠኑ እኩል ወይም የሚበልጥ ወደ ሆነ ሌላ ዲስክ ይቅዱት። ይህን መሣሪያ ከተራ መቅጃ የሚለየው፣ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው እዚያው ተቸንክሮ ሳይቀር አልፎት ደህናውን ክፍል አስቀድሞ ማውጣቱና ወደ አስቸጋሪው ቦታ በኋላ መመለሱ ነው። የደረሰበትን የሚመዘግብበት የካርታ ፋይል ስላለው ሥራው በመሀል ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ፋይሉን ግን በሚቀዳው ዲስክ ላይ ሳይሆን በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይኖርብዎታል። ቅጂው ሲያልቅ ዋናውን ዲስክ ነቅለው፣ ቀኑን ጽፈው ለጥፈውበት በመሳቢያ ያኑሩት። የይለፍ ቃል መቀየርም ሆነ ጥገና በቅጂው ላይ፣ ቦታ ካለዎት ደግሞ በቅጂው ቅጂ ላይ ይሁን።

መልስ፦ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ «ማሽኑን አጥፍተው» በሚለው ላይ ግን ትንሽ ቆም እንበል። ለዓመታት ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ፣ ሲሽከረከር ደህና መስሎ ቆይቶ ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ዳግመኛ ለመነሣት እምቢ ሲል በሥራዬ አጋጥሞኛል። ስለዚህ በተራ ተማሪ መለያ ገብተው ማውረድ የሚችሉትን ነገር፣ መጠኑ ትንሽ ከሆነውና ሌላ ቦታ ከማይገኘው ጀምረው፣ ማሽኑ ሳይጠፋ ያውርዱ። ዲስኩ የመንኳኳት ወይም የመፋቅ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ግን ይህን ምክሬን ይተዉትና ወዲያውኑ ያጥፉት፤ የማንበቢያው ጭንቅላት የዲስኩን ገጽ እየጎዳው ሊሆን ስለሚችል መቅዳቱንም በራስዎ አይሞክሩ።

ካጠፉት በኋላ ሽፋኑን ከፍተው በውስጡ ስንት ዲስክ እንዳለ ይቁጠሩ። ሁለት ሆነው አንዱ ሌላውን እንዲያንጸባርቅ፣ ማለትም የሚጻፈው ሁሉ በሁለቱም ላይ እኩል እንዲጻፍ ተደርገው ከሆነ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ይቅዷቸው። (እንዲህ ያለው ማንጸባረቅ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁለቱም ዲስክ እኩል እንደሚሰረዝ የሚያስታውሱት ከተሰረዘ በኋላ ነው።)

መልስ፦ መምህር

ውድ ተማሪ፣ ፍላሹን ከመሰካትዎ በፊት አንድ ወረቀት ያስፈልግዎታል። ማሽኑ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው፤ የይለፍ ቃሉን አልፎ ይዘቱን የሚያወጣ ተማሪ፣ ሐሳቡ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ የጽሑፍ ፈቃድ ከሌለው ነገ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። የሚያርመው ሥርዓት የተማሪዎችን ውጤት ይዟል፣ ዝርዝሩም የሰዎችን አድራሻ ይዟል፤ ሁለቱም እርስዎ ብቻዎን ሊያዩት የሚገባ ነገር አይደለም። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግማሽ ገጽ የሚሆን ማመልከቻ ይጻፉ፤ ምን እንደሚሠሩ፣ ቅጂው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚይዘው ይግለጹ፣ አንድ መምህርም በሥራው ላይ እንዲገኝ ይጠይቁ። ስድስት መምህራን ባሉበት ክፍል እንዲህ ያለው ፊርማ ብዙ ደጅ የሚያስጠና አይመስለኝም።

ሌላው ጉዳይ የፕሮጀክቶቹ ኮድ ነው። ነገ አንድ ሰው «ሁሉንም ጊትሃብ ላይ እንጫነውና እንገላገል» ማለቱ አይቀርም፤ ጊትሃብ ኮድ የሚቀመጥበትና ለሌሎች የሚጋራበት ድረ ገጽ ነው። በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ የኮዱ ባለመብት ራሱ የጻፈው ሰው ነው፣ ዩኒቨርሲቲው በደንቡ ሌላ ካልደነገገ በቀር፤ የአጠቃቀም ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድም ለሁሉም የተፈቀደ ማለት አይደለም። ለክፍሉ ተማሪዎች ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ለዓለም መልቀቅ ግን የጸሐፊዎቹን ፈቃድ ይጠይቃል።

መልስ፦ የቀድሞ ምሩቅ

እኔም ከእንዲህ ያለ ትንሽ ክፍል የወጣሁ ስለሆንኩ፣ ሌሎቹ ስለ ዲስኩ ሲነግሩዎት እኔ ለሠሪዋ መጻፍ ከብዶኛል ስላሉት ደብዳቤ ልንገርዎት። ከተመረቅሁ ወዲህ ከቀድሞ ትምህርት ክፍሌ ከደረሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ «ክፍላችንን እንድታግዢ» የሚሉ ነበሩ። ምን እንዳግዝ፣ እስከ መቼ፣ በምን ያህል ሰዓት የሚል ስላልነበረባቸው ሳልመልስላቸው ቀርቻለሁ፤ ይህን የምለው ኮርቼበት አይደለም። አንድ ጊዜ ግን አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ በአራተኛ ዓመቴ የጻፍኩትን አንድ ፋይል ስም ጠቅሶ፣ የተወሰነ መስመር ላይ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ጠየቀኝ። በዚያው ምሽት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ጻፍኩለት፤ ሥራዬን ሰው እያነበበው መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ስለዚህ ያችን ሴት የሚያስቸግሯት አይምሰልዎት፤ ሠርታ የተወችው ነገር ከ7 ዓመት በኋላም በየቀኑ ሥራ ላይ መዋሉን የሚነግሯት የመጀመሪያው ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ውድ እህታችን፣ ከባልደረቦችዎ ጋር የሠሩት የመልመጃ ማረሚያ ሥርዓት ዛሬም ያገለግለናል። ዲስኩ እየተበላሸ ስለሆነ በክፍሉ ኃላፊ ፈቃድ እየቀዳነው ነው። ሦስት ነገሮች ቢነግሩን በእጅጉ ይጠቅሙናል፤ ዲስኩ ተመስጥሮ ነበር ወይ? ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አለ ወይ? የመፈተኛ ፋይሎቹ የት ይቀመጣሉ? ባያስታውሱም ‹አላስታውስም› የሚለው መልስዎ ራሱ ይበቃናል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይዘሏት፤ ብዙ ምሩቅ ዝም የሚለው መርዳት ጠልቶ ሳይሆን መርሳቱ አሳፍሮት ነው። የይለፍ ቃሉን ግን በደብዳቤ እንዳይጠይቋት፤ በየቦታው የምትጠቀምበት ቃል ሊሆን ስለሚችል እሷንም እርስዎንም ያስጨንቃል። ገንዘብም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ፈጽሞ አይነሣ።

መልስ፦ የሶፍትዌር መሐንዲስ

ዳታው ከወጣ በኋላ የድሮውን ማረሚያ እንደነበረ ለማስነሣት መድከም ተገቢ አይመስለኝም። የዚያን ዘመን የተማሪ ሥራ ስለሆነ በፓይተን 2 (ፓይተን የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የቆየ ዕትም) ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ዕትም ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 አብቅቷል። ከዚህ የሚከፋው፣ ለፕሮጀክት የተሠሩ ማረሚያዎች የተማሪውን ኮድ የሚያስኬዱት ብዙ ጊዜ ማረሚያው ራሱ በሚሠራበት መለያ መሆኑ ነው። እንዲህ ከሆነ አንድ ብልጥ ተማሪ ከፕሮግራሙ ውስጥ የመልስ ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ ይችላል (እኛ ጋ አንዱ አድርጎታል፤ ያወቅነውም የሰጠው መልስ በመልስ ፋይሉ ውስጥ የነበረውን ስህተት ጭምር ስለያዘ ነው)። ዶምጃጅ የሚባለው ክፍት የማረሚያ ሶፍትዌር በአይሲፒሲ ውድድሮች ላይ የዋለ ነው፤ እያንዳንዱን ኮድ ለይቶ፣ የጊዜና የሜሞሪ ገደብ ሰጥቶ ያስኬዳል። የማይተካው የጥያቄዎቹ ጽሑፍና የመፈተኛ ግብዓቶቹ (የተማሪው ኮድ የሚፈተሽባቸው ዳታዎች) ናቸውና እነሱን አውጥተው ወደዚህ ያዛውሯቸው። የድሮውን ሥርዓት ለማየት ከፈለጉ ቅጂውን ከኔትወርክ ውጪ በሆነ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር በሚፈጠር ኮምፒዩተር) ያስነሡት።

ጠያቂ፦ የአራተኛ ዓመት ተማሪ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ማመልከቻውን ባስገባሁ በማግስቱ ተፈረመልኝ፤ ኃላፊው ራሳቸው ወንበር ስበው አጠገባችን ተቀመጡ። ዲስኩ ድምፅ ስላልነበረው መጀመሪያ የመልመጃዎቹን ጥያቄዎች በተማሪ መለያዬ አወረድኩ፤ የመፈተኛ ግብዓቶቹ ግን ለተማሪ አይታዩም ነበር። ከዚያ አጥፍተን በፍላሽ አስነሣነው። መቅዳቱ አንድ ቀን ተኩል ፈጅቶ፣ ከጥቂት የማይነበቡ ቦታዎች በቀር ተሳክቷል፤ ግብዓቶቹም ሁሉም ወጥተዋል። ያልተነበቡት ቦታዎች ግን በሁለት የቆዩ ዓመታት ፕሮጀክቶች ላይ ያረፉ ናቸው።

ለእህታችን የጻፍኩት ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን መልስ አገኘ። የይለፍ ቃሉን ሳልጠይቃት ራሷ አንሥታ እንደረሳችው ነገረችኝ፤ ከታች ባለው ሣጥን ሁለተኛ ዲስክ እንዳለና ሥርዓቱ በየሌሊቱ ወደዚያ እንዲገለብጥ አድርገውት እንደነበር ግን አስታወሰች። ሽፋኑን ስንከፍት የቆጠርነው አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ከኃይል መስጫው ጀርባ ተደብቆ ነበር። ዲስኩ ሞልቶ መገልበጡን ካቆመ 3 ዓመት ቢሆነውም፣ የጠፉት የሁለቱ ዓመታት ፕሮጀክቶች በሙሉ በእሱ ላይ ተገኝተዋል። አሁን የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ የዳታቤዙን (ሥርዓቱ መረጃውን የሚያከማችበትን) ፋይሎች ገልብጬ በአዲስ ማሽን ላይ ባስቀምጣቸው አልከፈት አሉኝ፤ የምሩቃኑን ዝርዝርስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ የሲስተም አስተዳዳሪ

የዳታቤዝ ጥሬ ፋይሎች ከጻፋቸው ዕትም ጋር የተቆራኙ ናቸው። በቅጂው ላይ የተጫነውን ዕትም ቁጥር አይተው፣ ያንኑ ወይም በጣም የሚቀርበውን በቨርቹዋል ማሽን ይጫኑና በእሱ ይክፈቱት፤ ከዚያ ይዘቱን በሙሉ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ያውጡት። አዲሱ ማሽን የሚቀበለው ይህንን የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ለወደፊቱ ባክአፕም የሚቀመጠው እሱ ይሁን። አዲሱ ባክአፕ በወር አንድ ጊዜ በእርግጥ እየተከፈተ ይታይ፤ የእናንተው ዲስክ 3 ዓመት ሙሉ ቆሞ ማንም እንዳላወቀ አይተዋል። የአስተዳዳሪ መለያ ደግሞ ለሁለት ሰዎች ይሰጥ፤ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ የማይመረቅ ሰው፣ ማለትም ቋሚ መምህር።

መልስ፦ የቀድሞ ምሩቅ

ዝርዝሩን ለኃላፊው አስረክበው፣ በእርስዎ እጅ ያለውን ቅጂ ይሰርዙት። ሰዎቹ አድራሻቸውን ሲሰጡ ለምን እንደሰጡ ዛሬ ስለማይታወቅ፣ ክፍሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ጽፎ በዝርዝሩ መቆየት ይፈልጉ እንደሆነ ቢጠይቅና መልስ ያልሰጡትን ቢያወጣ ይሻላል። ለእህታችን ደግሞ የጠፉት ፕሮጀክቶች በእሷ ዲስክ ላይ መገኘታቸውን ጽፈውላታል? ካልጻፉ ዛሬውኑ ይጻፉላት።