የድንኳኔ ዘንግ ተሰበረ፤ በሃሞክ ልደር?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ድንኳኑን ለመሞከር ሳሎን ውስጥ ስተክለው ዘንጉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የምንነሳው ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ጓደኛዬ ሃሞክ (በሁለት ዛፎች መሃል የሚንጠለጠል የጨርቅ መኝታ) ላውስሽ ብላኛለች፤ እኔ ግን በሃሞክ አድሬ አላውቅም። የቱን ልያዝ?

መልስ 1፦ ዛፍ አለ? ስንት ናችሁ? ሌሊቱ ይበርዳል? ይህን ሳትነግሪን ምን ብለን እንመልስልሽ?

መልስ 2፦ ሃሞክ ዕውቀት ይፈልጋል። በ4 ወይም በ5 ሜትር የሚራራቁ፣ ጤነኛና ወፍራም ዛፎች ምረጪ። ከበላይሽ የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳይኖር ቀና ብለሽ እዪ። ማሰሪያው ከአግድም መስመር ወደ 30 ዲግሪ ያዘቅዝቅ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጎን የሚሸከመው የሰውነትሽን ክብደት ያህል ነው። ወጥረሽ 15 ዲግሪ ካደረስሽው ግን ጭነቱ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ቀጭን ገመድ የዛፉን ልጥ ስለሚበላ ጠፍጣፋ ማሰሪያ ተጠቀሚ። ስትተኚም ሰያፍ ሁኚ፤ ጀርባሽ የሚቃናው እንደዚያ ነው።

መልስ 3፦ ለምን ሃሞክ? የተሰበረው ዘንጉ እንጂ ድንኳኑ አይደለም! ዘንጉን የሚያስገባ ጠንካራ ቱቦ ፈልጊ፤ አንድ ስንዝር ያህል ቁረጪና ስብራቱ መሃሉ ላይ እንዲውል አልብሺው። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር አጥብቀሽ ጠቅልዪ።

መልስ 4፦ ዛፍ ከሌለ ሃሞክ ሻርፕ ነው፤ አንገትሽ ላይ ጠምጥመሽው ታድሪያለሽ።

ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ ከታናሽ እህቴ ጋር ነኝ። ዛፍ ሞልቷል፤ ሌሊቱ ግን በጣም ይበርዳል ተብያለሁ።

መልስ 5፦ እንዲህ ከሆነ ሃሞኩን ተዪው። ብርዱ የሚመጣው ከታች ነው። የመኝታ ከረጢት የሚያሞቀው በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው፤ ከጀርባሽ ሥር ሲጨፈለቅ አየሩ ይወጣል፣ ነፋሱም ከሥር ይገባል። እኔ የመጀመሪያዋን ሌሊት ደረቴን እያላበኝ ጀርባዬ ሲንቀጠቀጥ ነጋብኝ። የግድ ከሆነም ከሥርሽ የስፖንጅ ምንጣፍ አንጥፊ። ደግሞም አንድ ሃሞክ ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ መሃል እየተንሸራተታችሁ ትጋጫላችሁ።

መልስ 6፦ ዘንጉን በቱቦ ጠግኚው።

መልስ 3፦ እኮ፣ እሱን ነው ያልኩት። ቱቦ ካጣሽ የድንኳኑን ካስማ ከስብራቱ ጎን አስረሽ ጠቅልዪው፤ የእኔ በዚህ ዘዴ ሁለት ሌሊት አሳድሮኛል።

መልስ 2፦ የካስማው ሹል ጫፍ ሸራውን ይቀድባታል።

መልስ 3፦ ለዚህ ነው ጫፉን በጨርቅ ሸፍኖ ፕላስተር መደራረብ። የተሰነጣጠቀውንም የዘንጉን ጫፍ በአሸዋ ወረቀት አለስልሺው፤ ስንጥሩ ጣት ይወጋል፣ ጨርቅም ይቀዳል።

ጠያቂ፦ የተቆረጠ ቀጭን ቧንቧ አገኘሁ! ዘንጉ ይገባል፣ ግን ትንሽ ይላወሳል።

መልስ 3፦ ዘንጉ ላይ ፕላስተር ሁለት ዙር ጠምጥሚና መልሰሽ አስገቢው። አሁኑኑ ትከዪና ገፋ አድርገሽ ፈትኚው፤ እዚያ ደርሰሽ አይሁን።

መልስ 5፦ ፕላስተሩንም ይዘሽው ሂጂ።

መልስ 3፦ እህቴ፣ ደረሳችሁ? ቧንቧው ቻለ?